የፉከራው ግዳይና የጓሳው ጠባቂ

በአማርኛ ሥነ ቃል የዱር አራዊት የያዙት ስፍራ ሰፊ ነው፤ ስፍራው ግን በአብዛኛው የራሳቸው አይደለም። በፉከራና በቀረርቶ አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ የሚነሡት ሲወድቁ ነው፤ የጀግናው ምስክር ናቸውና። በተረትም ቀበሮ ለብልጠት፣ ጅብ ለሆዳምነት ይቆማሉ፤ የሰውን ጠባይ ለመተቸት የተዋሰ ጭምብል ይሆናሉ ማለት ነው።

ይህን ቅርስ በዛሬ ሚዛን ብቻ መዝኖ መኰነን ሚዛናዊ ሂስ አይሆንም። ፉከራው የበቀለው አውሬ ለሰውና ለከብት አደጋ በነበረበት፣ ገዳይም በአደባባይ በሚሸለምበት ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። የሂሱ ጥያቄ፣ አውሬው ሲመናመን ቃሉስ አብሮ ተለውጧልን? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መንዝ ጥሩ መፈተኛ ነው። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘበት ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳም ይውላል። የአካባቢው ሕዝብ፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደሆነ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ ሲጠቀምበት ኖሯል። ለክዳን በተጠበቀው በዚህ ሣር ውስጥ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ተጠለሉ። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ እንደሚያድን፣ መንጋውም እንደማይሸሸው በጓሳ የተካሄደ ጥናት መስክሯል። የተረቱ ቀበሮ ግን ይህን ሰላማዊ ጉርብትና አያውቀውም።

ሆኖም ቄሮን እንከን የለሽ አድርጎ መሳል ሌላ ፉከራ ይሆናል። የሣሩ መብት በትውልድ ሐረግ የታጠረ ስለነበር ከሐረጉ ውጪ የተወለደው ገበሬ የበይ ተመልካች ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አጥሩን ሲያፈርስ ጥበቃውም አብሮ ላላ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ከየገበሬ ማኅበሩ በተውጣጣ ኮሚቴ ጥበቃውን እንደገና አደራጀ። ፍትሕ ጥበቃን ሲያፈርስ፣ ጥበቃም ፍትሕን ይዞ ሲመለስ የሚታይበት ይህ ታሪክ ለቴአትርም ለልብ ወለድም የሚበቃ እውነተኛ ግጭት አለው።

ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚጻፉ በርካታ ግጥሞችና አጫጭር ድራማዎች ግን ይህን ግጭት ይሸሹታል። ዛፍ ቆራጩ ክፉ፣ መካሪው ደግ ሆኖ ይቀርባል፤ ትምህርቱም ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። ከብቱ የከሳበት ገበሬ በተዘጋው ሣር ዳር ቆሞ የሚያወጣውና የሚያወርደው፣ ጎረቤቱን አጋልጦ ከማኅበር ገበታ የሚቀርበው ጠባቂ የሚሰማው፣ መድረክ ላይ አይወጣም። ይዘቱ ቀና ስለሆነ ብቻ ሥራው ኪነ ጥበብ አይሆንም።

በሕይወት ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ያሰጋቸዋል። ደራሲው ቀበሮውን ከበሽታ አያድነውም፤ ጥበቃው የሚያስከብር ሥራ መሆኑን ማሳየት ግን የእርሱ ድርሻ ነው። ሥነ ቃላችን ጎሽ ለጣለው እጅ ያልነፈገውን ቃል፣ ማጭዱን ሰቅሎ የመክፈቻውን ቀን ለሚጠብቀው እጅም ሊያውሰው ይገባል።