መጀመሪያ ትንፋሿን እዩ

በሙዚቃዊ ቲያትር ዙሪያ የሚሰማው አድናቆት አብዛኛውን ጊዜ ያለቦታው ይውላል። ዘፋኟ ከፍ ያለውን ድምፅ ይዛ ስትቆይ አዳራሹ ይናወጣል፤ በረዘመ ቁጥር ጭብጨባው ይደምቃል፤ በማግስቱም «ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው!» ሲባል ይዋላል። ጀማሪዎቹም ይህንኑ እየሰሙ ስለሚያድጉ የልምምድ ዓመታቸውን ያችን አንዲት ድምፅ ለማርዘም ይፈጁታል። ያሳዝናል፤ ያናድዳልም። ድምፅ ማርዘም የሳንባ ጉዳይ ነው፤ የታገሰ ሁሉ ይደርስበታል። ቃና ሳይስቱ መዝፈን፣ ምት መጠበቅ፣ ቃሉን አጥርቶ ማውጣት፣ እስከ ኋለኛው ወንበር መሰማት፣ በብሮድዌይ ልማድ በሳምንት 8 ጊዜ ያንኑ ሥራ ሳይዝሉ ማቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ የሙያው መግቢያ በር ናቸውና አልዘገይባቸውም። እነሱ የሌሉት ሰው ገና አልጀመረም። መልካሙን ሥራ ከተራው የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ንግግር አልቆ ዜማ ሊጀምር ሲል የምትሳበው ትንፋሽ የማን ናት? የገጸ ባሕርይዋ ናት ወይስ የዘፋኟ?

በሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ አንዲት ሴት እንደ ሰው ስታወራ ቆይታ መዝፈን ትጀምራለች። በኑሮ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተመልካቹ ነገሩን የሚቀበለው ተራ ቃል ጠቧት ወደ ዜማ እንደተሻገረች ካመነ ብቻ ነው፤ ያ እምነት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ኖታ በፊት ባለችው ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው። መጥፎው ሥራ በዚያች ቅጽበት ራሱን ያጋልጣል። ተዋናይቷ የንግግሯን የመጨረሻ ቃል እንደ ዕዳ ጣል ታደርገዋለች፤ ፊቷ ባዶ ይሆናል፤ ትከሻዋ ከፍ፣ ደረቷ ነፋ ይላል፤ እግሮቿ ቦታ ይይዛሉ፤ ዓይኗ ከሚያነጋግራት ሰው ላይ ተነሥቶ ወደ ሙዚቃ መሪው ይሄዳል። ከአፍታ በፊት የተከዳች ሚስት ነበረች፤ አሁን ለመዝፈን የተሰናዳች ባለሙያ ሆናለች። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ድምፅ የመልአክ ቢሆን እንኳ ስፌቱ ተተርትሯል። በመልካሙ ሥራ ግን ትንፋሹን የሚያመጣው ሐሳቡ ነው። ስድቡን ስትሰማ ሳታስበው አየር ትስባለች፤ የምትመልሰው መልስ ያንን አየር ይጨርሰዋል፤ ዜማው የሚነሣው ከዚያው ትንፋሽ ነው። ለዚህ የእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። ፎካሪ ከንግግር ወደ ፉከራ ሲሻገር ሰው አብሮት ከመቀመጫው የሚነሣው ቁጣው ትንፋሹን ሲገፋው ስለሚያይ ነው። ትንፋሹን አስቀድሞ ሰብስቦ የሚነሣ ፎካሪ ወኔ እንደሌለው ያስታውቃል።

ለዚህ ሚዛን ከአንጀላ ላንስበሪ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ የመድረክም የፊልምም ሰው ነበረችና፣ የፊልሙ ገበያም እሷን ሲመዝን ተሳስቶ ያውቃልና። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1925 ለንደን ተወለደች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ በ1944 «ጋዝላይት» በተባለው የመጀመሪያ ፊልሟ በረዳት ተዋናይትነት ለኦስካር ታጨች። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ዘ ሃርቪ ገርልስ» የተባለ ሙዚቃዊ ፊልም ሲሠራ ግን ስቱዲዮው የእሷን ፊት ይዞ ዘፈኑን ቨርጂኒያ ሪስ ለተባለች ዘፋኝ ሰጠው። በስቱዲዮው ሚዛን የላንስበሪ ድምፅ አላማረም ማለት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ይህችው ሴት በ«ሜም» የብሮድዌይን መድረክ ያዘች፤ በሙዚቃዊ ተውኔት መሪ ተዋናይትነት አራት ጊዜ የቶኒን ሽልማት ወሰደች። ድምፁ በመሀሉ ወደ ወርቅ አልተለወጠም። ቀጠን ያለ፣ አንዳንዴ ሰላ የሚል ድምፅ ነበር፤ የእሷን የሚያስንቁ ጉሮሮዎች በየኅብረ ዝማሬው ሞልተው ነበር። ስቱዲዮው የመዘነው የድምፁን ጥራት ነበር፤ የትንፋሹን ባለቤትነት የመዘነ አልነበረም።

ነገሩን በቅርበት ለማየት «ስዊኒ ቶድ» ይበቃል። ስቲቨን ሶንዳይም ዜማውንና ግጥሙን የደረሰው ይህ ሙዚቃዊ ተውኔት ማርች 1 ቀን 1979 በኒው ዮርክ ዩሪስ ቲያትር ተከፈተ፤ ላንስበሪ ከጆርጅ ኸርን ጋር የተጫወተችበት ቅጂም በ1982 በቴሌቪዥን ታይቷል። የምትጫወታት ሚስስ ላቨት በለንደን ፍሊት ስትሪት የሥጋ ፓይ የምትሸጥ፣ ገበያ የራቃት ሴት ናት። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው በሯን ሲያልፍ ታየዋለች፤ ይዛ ታስቀምጠዋለች፤ ስለ ፓይዋ መጥፎነትና ስለ ሥጋ መወደድ ሳታባራ እየለፈለፈች ሊጥ ታቦካለች። ሶንዳይም ሥራውን በሙዚቃው ውስጥ አስገብቶ ነው የጻፈው፤ ሊጡ የሚላጋበት፣ ነፍሳቱ የሚመታበት፣ አቧራው እፍ የሚባልበት ቦታ ሁሉ በምቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ተራ ዘፋኝ ይህን ሲያይ ይጨንቀዋል፤ እጅ ሲሠራ ትንፋሽ ይሰረቃልና። ላንስበሪ ግን ከእጇ ነው የምትተነፍሰው። ሊጡን ስትመታ አየሩ ከደረቷ ተጨምቆ ይወጣል፤ አቧራውን እፍ ስትል የቀረውን ትጨርሰዋለች፤ አዲሱን የምትስበው ወሬዋ ሳያልቅ እንግዳው ተነሥቶ እንዳይሄድባት ስትጣደፍ ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ለመዝፈን ስትል የሳበችው ትንፋሽ ፈልጉ፤ አታገኙም። ንግግሩ የት አልቆ ዜማው የት እንደጀመረ በጣት ማመልከትም ይቸግራል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። አስቀድሞ ድምፁን አጥፍታችሁ አንገቷንና የጎድን አጥንቷን ብቻ ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ። በመጀመሪያው የታየው ትንፋሽ በሁለተኛው ካልተሰማ፣ ወይም የተሰማው ካልታየ፣ ሥራው ሁለት ቦታ ተሠርቶ የተለጠፈ ነው። ይህ በተለይ ለፊልም ይረዳል። በሙዚቃዊ ፊልም አሠራር ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀረጻል፤ ካሜራው ፊት ያ ቅጂ (ፕሌይባኩ) ሲለቀቅ ተዋናዩ አፉን ያስኬዳል። ሰዎች የሚያመሰግኑት የከንፈሩን መግጠም ነው። ከንፈር ማንም ያስገጥማል! የሚያጋልጠው አንገት ነው። ሴትዮዋ ደረጃ ሮጣ ወጥታ ትዘፍናለች፤ የሚሰማው ግን ወንበር ላይ ተረጋግታ የቆየች ሴት ትንፋሽ ነው፤ ጉሮሮዋ ሥር አንድ ጅማት አይንቀሳቀስም።

በዚህ ረገድ የ1964ቱ «ማይ ፌር ሌዲ» እንደ ትምህርት ቤት ነው። ጁሊ አንድሩስ ከ1956 ጀምሮ በብሮድዌይ የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የኤላይዛን ሚና ተጫውታ ነበር፤ ፊልሙ ግን ለኦድሪ ኸፕበርን ተሰጠ። ኸፕበርን ዘፈኖቹን ራሷ ቀረጸች፤ ኋላ አብዛኛው ወጥቶ በማርኒ ኒክሰን ድምፅ ተተካ። አብሯት የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰን በበኩሉ ከመድረኩ የመጣ ነውና ለፕሌይባክ አልገዛም አለ፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ እንደማያቀርበው ያውቅ ነበር። በክራቫቱ ውስጥ ሽቦ አልባ ማይክሮፎን ተደብቆለት በቦታው ተቀረጸ። ስለዚህ በአንድ ፊልም፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት አየር አለ። ሃሪሰን ዘፋኝ አይባልም፤ ግማሹን ይናገረዋል። ሆኖም ሲናደድ ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ሲያፍር ቃሉን ይውጠዋል፣ ሐሳቡን ሲለውጥ ዜማው አብሮት ይታጠፋል። በኤላይዛ በኩል ድምፁ የተዋጣ ነው፤ ፊቱም የኸፕበርን ነውና ይማርካል፤ ሁለቱ ግን አንድ ደረት የላቸውም። ጥፋቱን በኒክሰን ላይ የሚጥል ሰው ሙያዋን አያውቀውም። በ1956 ለ«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ከዴቦራ ከር ጋር ጎን ለጎን ሆነው እየተለማመዱ ስለቀረጹ የአንዷ ንግግር በሌላዋ ዜማ ውስጥ ሲገባ ስፌቱ እምብዛም አይታይም። ብልሃቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ትንፋሹ በጋራ መታቀዱ ነው።

«ማይ ፌር ሌዲ» ምርጥ ፊልም ተብሎ 8 ኦስካር መውሰዱን የሚያነሣ ይኖራል። ሽልማቱ ለአልባሳቱም፣ ለዳይሬክተሩም፣ ለራሱ ለሃሪሰንም ነበር፤ የኤላይዛን አንገት ማንም አልሸለመም። የጠነከረው ክርክር ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የፕሌይባክ ከሆነ ለምን ሁሉም በቦታው አይቀረጽም ይባላል። ቶም ሁፐር በ2012 «ሌ ሚዜራብል»ን ሲሠራ ይህንኑ አደረገ። ተዋንያኑ በጆሯቸው ፒያኖ እየሰሙ ካሜራው ፊት ዘፈኑ፤ ኦርኬስትራው ኋላ ታከለ። አን ሃታዌይ ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ ያቀረበችው ዘፈን ኦስካር ያስገኘላት ክፍል ነው፤ ይገባታል፤ ትንፋሿ የሚሰበረው የምትጫወታት ፋንቲን በምትሰበርበት ቦታ ነውና። በዚያው ፊልም ሌሎች ቦታዎች ላይ ግን ሲቃው ከሐሳቡ ቀድሞ ይመጣል፤ ዘፋኙ መተንፈሱን እንድናይለት የሚፈልግ ይመስላል። ለጌጥ የሚሳብ ትንፋሽ ደግሞ ጭራሽ ከሌለው አይሻልም። በአንጻሩ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን እዩ። አንድሩስ በ1965 በፕሌይባክ ነው የሠራችው፤ ነገር ግን አንገቷም ጎድኗም ከድምፁ ጋር ይሄዳሉ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የት እንደተነፈሰች ሰውነቷ አልረሳም፣ ካሜራው ፊትም በእውነት ትተነፍሳለች። መድረክ ያስተማራት ይህንን ነው። መሣሪያው አያድንም፤ አይገድልምም።

የመድረክ ትንፋሽ ለካሜራ ይበዛል የሚለውን አነጋገር ብዙ አዘጋጆች እንደ ሕግ ይዘውታል። በዚህ ሕግ ይመስላል የ1974ቱ «ሜም» ፊልም ሚናውን በመድረክ ለፈጠረችው ለላንስበሪ ሳይሆን በቴሌቪዥን ለገነነችው ለሉሲል ቦል የተሰጠው፤ ፊልሙም አልሠመረም። ላንስበሪ ካሜራውን አታውቀውም ማለት ግን አይቻልም። በ1962 «ዘ ማንቹሪያን ካንዲዴት» ውስጥ ከእሷ በሦስት ዓመት ብቻ የሚያንሰውን የሎረንስ ሃርቪን እናት ሆና ተጫውታ ነበር፤ በመጨረሻው ገደማ ለልጇ የምትናገረው ረጅም ንግግር የሚያስፈራው ድምፅ ሳታነሣ ስለተናገረችው ነው። ከ1984 እስከ 1996 በቆየው «መርደር፣ ሺ ሮት» የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በ264 ክፍሎች ያለ ዘፈን አንድ ነገር ስትደጋግም ኖረች፤ የምትጫወታት ጄሲካ ፍሌቸር ተራ ወሬ ስትሰማ ድንገት ትቆማለች፣ ትንፋሿ ይያዛል፣ ዓይኗ ሩቅ ይሄዳል፤ ነፍሰ ገዳዩን አውቃዋለች። ያች ቅጽበት ከዜማ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት፤ ዜማው ብቻ ነው የቀረው። ትንፋሹ ለካሜራ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። በ2018 «ሜሪ ፖፒንስ ሪተርንስ» ሲታይ 93 ዓመቷ ነበር፤ ፊኛ ሻጯ ሆና ስትዘፍን ጉልበቱ ሄዷል፣ ከንግግር ወደ ዜማ ስትሻገር ግን ዛሬም ስፌቱ አይገኝም።

የቀረው ክርክር የተመልካቹ ነው፤ ከፍ ያለው ድምፅ ያስደስተኛል፣ ደስታዬን ለምን ትነጥቀኛለህ ይላል። አልነጥቅም። «ጂፕሲ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በ1959 ለኤቴል መርማን ጉሮሮ ነበር የተጻፈው፤ መርማን ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ የምትሞላ ሴት ነበረች፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ቢያጨበጭብ ትክክል ነው። ላንስበሪ ያው የመርማን ሚና በ1973 በለንደን፣ በዓመቱ በኒው ዮርክ ሲደርሳት በዚያ መንገድ ልትፎካከር አልሞከረችም። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሮዝ፣ ልጆቿን ለመድረክ ስትገፋ የኖረችው እናት፣ ባዶ ቲያትር ውስጥ ብቻዋን ቆማ ለእሷ ያልደረሰውን ክብር ትዘፍነዋለች። ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ እሷም እጅ ትነሣለች፤ ተመልካቹ ዘፋኟ እያመሰገነችው ይመስለዋል። በአርተር ሎረንትስ ዝግጅት ጭብጨባው እየቀነሰ ሲሄድ ላንስበሪ አላቆመችም። አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላም ዝቅ ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ፈገግ ትላለች፣ እንደገና ዝቅ ትላለች፤ ያኔ ነው እጅ የምትነሣው ሮዝ እንደነበረች፣ ጭብጨባውንም ስትሰማ የቆየችው በራሷ ጆሮ ውስጥ እንደነበረ ለተመልካቹ የሚገባው።