«ፊርማ»፣ «አሻራ» ወይስ «ዱካ»? በካንሰር ጥናት ስላለ አንድ ስያሜ

«ሚውቴሽናል ሲግነቸር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስያሜ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመጣለት ቃል «ፊርማ» ነው። አቻው ለቃሉ የታመነ ቢመስልም ለጽንሰ ሐሳቡ አይበቃም። ስያሜ የሚመዘነው በሚያመለክተው ነገር ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ነገሩን እንመልከት።

በካንሰር ሕዋስ ዲኤንኤ ላይ ብዙ ሚውቴሽኖች ተከማችተው ይገኛሉ። የነጠላ ቤዝ ለውጦች ስድስት ዓይነት ሲሆኑ፣ ከግራና ከቀኝ አጎራባቾቻቸው ጋራ ሲታዩ 96 ይሆናሉ። የትምባሆ ጢስ በተለይ ሳይቶሲንን ወደ አዴኒን፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ሳይቶሲንን ወደ ታይሚን የሚለውጡትን ያበዛል። አሌክሳንድሮቭና ባልደረቦቹ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከ7,042 ካንሰሮች እንዲህ ያሉ 21 ቅጦችን ለዩ፤ በ2020 የነጠላ ቤዝ ቅጦች ብቻ 49 ደረሱ።

ከዚህ አንጻር «ፊርማ» ጉድለት አለው። ፈራሚ ዐውቆና ወዶ ይፈርማል፤ ጢስና ጨረር ግን ፈቃድ የላቸውም። ፊርማ ለብቻው ጎልቶ ይነበባል፤ በአንድ ሕመምተኛ ዕጢ ውስጥ ግን የበርካታ መንሥኤዎች ውጤት ተደበላልቆ ስለሚገኝ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ የሚታወቀው በስሌት ግምት ነው። «አሻራ» የፈቃድን ነገር ቢያስቀርም፣ የጣት አሻራ ግለሰብን የሚለይ በመሆኑ የሕመምተኛው መታወቂያ ያስመስለዋል። የሚፈለገው ግን ማን እንደታመመ ሳይሆን በሕዋሱ ላይ ምን እንዳለፈ ነው።

«ዱካ» የተሻለ ነው። ብዙ እግር ባለፈበት መንገድ ዱካ በዱካ ላይ ይረገጣል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዱካም ዱካ ነው። ከቅጦቹም መካከል መንሥኤያቸው ገና ያልታወቀ አሉ። ቃሉ መቀመጫንም ማመልከቱ፣ ከ«ሚውቴሽን» ጋራ ሲጣመር አያሳስትም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሚውቴሽኖቹ ጥቂት በሆኑበት ዕጢ ተቀራራቢ ቅጦችን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የሌለው አለ ሊባል ይችላል። ሦስተኛው ቅጥ የዲኤንኤ ጥገና ጉድለትን ስለሚያመለክት ለመድኀኒት ምርጫ እንደ ፍንጭ ይታያል። «ፊርማው ተገኘ» የተባለ ሐኪም ነገሩን እንደ ተረጋገጠ ሊወስደው ይችላል፤ «ዱካው ይታያል» የተባለው ግን ተጨማሪ ማስረጃ ይሻል። ስለሆነም «የሚውቴሽን ዱካ» በመዝገበ ቃላት እንዲገባ፣ ፍቺውም በአንድ ዕጢ ላይ የሚነገረው ድርሻ ግምት መሆኑን እንዲገልጽ ያስፈልጋል።