ሦስቱ «ለምን»ዎች

እ.ኤ.አ. በ1937 ግብፃዊው ጸሐፊ ኢስማኢል አድሃም «ለምን አምላክ የለሽ ሆንሁ?» የተሰኘ አጭር ድርሰት አሳተመ። ባለቅኔው አሕመድ ዘኪ አቡ ሻዲ «ለምን አማኝ ሆንሁ?» ሲል፣ የእስልምና ሊቁ መሐመድ ፈሪድ ወጅዲ ደግሞ «ለምን አምላክ የለሽ ሆነ?» ሲል በጽሑፍ መለሱለት። በዚያም ዘመን ቁጣ አልጠፋም፤ ሦስቱም አርእስት ግን በ«ለምን» ይጀምራሉ።

ዛሬ በፌስቡክና በዩቲዩብ በዐረብኛ ከሚካሄደው የሃይማኖት ሙግት በአብዛኛው የጎደለው ይኸው «ለምን» ነው። አንዱ ወገን ተናጋሪውን ያወግዛል እንጂ ነገሩን አይመረምርም፤ ሌላውም በጾምና በጸሎት ይሳለቃል እንጂ አማኙ በእነርሱ የሚያገኘውን ትርጉም አይጠይቅም።

ጥፋቱን ሁሉ በመድረኩ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሳዑዲያዊው ራይፍ በደዊ ከእምነት ወጥቷል ከሚለው ክስ ነፃ ቢባልም፣ በድረ ገጹ እስልምናን ሰድቧል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የ10 ዓመት እስራትና 1000 ግርፋት ተፈረደበት። 50ው በ2015 ጅዳ ውስጥ በአደባባይ ተፈጸመበት፤ ከእስር የወጣው በ2022 ነው። ይህን ያየ ሰው በብዕር ስም ተሸሽጎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ተሸሽጎ የሚጽፍም ሙግቱን ዘርዝሮ ለመጨረስ ፋታ አያገኝም።

ቃሉ ራሱ ሰውየውን ከመስማት በፊት ይፈርዳል። «ሙልሒድ» በዐረብኛ ሥሩ ከመንገድ ያዘነበለ ማለት ነው፤ በአማርኛም «ከሃዲ» የማያምነውንም ከዳተኛውንም ይጠራል። አድሃም ቃሉን አልሸሸውም፤ ዓለም መንስኤዋን በራሷ ውስጥ ይዛለች ብሎ ማመን ነው ሲል ፈታው። አቡ ሻዲና ወጅዲም ስማቸውን አኑረው ተከራከሩት። የዛሬዎቹ ተሟጋቾች ሊወርሱት የሚገባው ይህን አንብቦ የመመለስ ልማድ ነው።