ስጎ በረመጥ

ስጎ በጣልያንኛ ጭማቂ፣ ከዚያም አልፎ የፓስታ ማባያ ማለት ነው። ቃሉ ከፓስታ፣ ከማካሮኒና ከፉርኖ ጋር አማርኛ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ስጎ ተብሎ የሚቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩብ ሰዓት ተቁላልቶ የወረደ ቲማቲም ነው። ጣልያኖች ራጉ የሚሉት ሌላ ነው፤ ስጋው ሦስት አራት ሰዓት በዝግታ ተንተክትኮ ከመረቁ ጋር አንድ ይሆናል። ከዚህ በታች ስጎ የምንለው ይኸንኑ ነው። ቤት ውስጥ መሥራቱ አይከብድም፤ ጊዜና ለስላሳ እሳት ብቻ ይፈልጋል።

ስጎውን የምንሠራባት፣ መተከል ውስጥ በበለስ ሸለቆ ያለችው ፓዌ ከጣልያን ጋር የተገናኘችው ዘግይታ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰዎች ጉሙዞች በሚኖሩበት የበለስ ሸለቆ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ደግሞ የጣልያን መንግሥት በመደበው ገንዘብ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን ፕሮጀክት ሠራ፤ መንገዱም ሆስፒታሉም የዚያ ዘመን ውጤት ናቸው። መንደሮቹ እስካሁን በቁጥር ይጠራሉ። ያው ኩባንያ ከዓመታት በኋላ ለሕዳሴው ግድብ እዚያው መተከል ውስጥ፣ ጉባ ተመልሷል። የፓዌ ማጀት ግን ከሁሉም አገር የመጣ ባለሙያ የተገናኘበት ስለሆነ ለእንግዳ ወጥ ባዳ አይደለም።

የራጉ መልክ እንደ ከተማው ይለያያል። የኔፕልሱ ሙሉ ሙሉ ቁራጭ ስጋ በብዙ ቲማቲም ውስጥ የሚበስልበት ነው። የቦሎኛው ደግሞ የተከተፈ ስጋ ይበዛበታል፣ ቲማቲሙ ያንሳል። የቦሎኛውን አሠራር የጣልያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት በሰነድ አስመዝግቦታል፤ በ2023ም አሻሽሎታል። በመጀመሪያው ሰነድ ለ300 ግራም የበሬ ሥጋ 150 ግራም የአሳማ ሆድ ስጋ፣ ካሮት፣ ሰለሪና ሽንኩርት ሃምሳ ሃምሳ ግራም፣ አምስት ማንኪያ የቲማቲም መረቅ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይንና አንድ ብርጭቆ ወተት ይገባል።

ኢትዮጵያዊ ባለሙያ መጀመሪያ የምትደነግጠው በሽንኩርቱ ማነስ ነው። ለአንድ ዶሮ ኪሎና ከዚያ በላይ ሽንኩርት መክተፍ ለለመደ እጅ 50 ግራም ቀልድ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በዶሮ ወጥ ውስጥ የወጡ ገላ ሽንኩርቱ ራሱ ነው፤ ቁሌቱ ተቁላልቶ ሲሟሟ መረቁን ያወፍራል፣ በርበሬውን ይሸከማል። በስጎ ውስጥ ገላው ስጋው ነው። ሽንኩርቱ እንደ ወጥ ሲበዛ ስጎው እንደ ስኳር ይጣፍጥና የልጆች ምግብ ይመስላል። ለ1 ኪሎ ስጋ 200 ግራም ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ሌላው ልዩነት ስቡ ነው፤ ሽንኩርቱ በደረቁ አይቁላላም፣ ከመጀመሪያው ስብ ውስጥ ገብቶ ሳይጠቁር ይለሰልሳል። ይሁን እንጂ ቁሌት የምታውቅ ሴት ግማሹን ሥራ ታውቃለች፦ እሳት መቀነስ፣ አለመቸኮል፣ ሽታው ሲለወጥ ማወቅ።

የአሳማው ነገር በፓዌ ለአብዛኛው ክርስቲያንም ለሙስሊሙም አይሆንም። ምትኩ የፍሪንባ ስብ ነው፤ ደቀቅ ተደርጎ ተከትፎ ድስቱ ውስጥ ሲቀልጥ ሽንኩርቱን ይቀበላል። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ግን ከገባ ምግቡ ስጎ መሆኑ ይቀራል፤ የሚጣፍጥ ወጥ ይሆናል፣ የተፈለገው እሱ ካልሆነ በቀር። ሰለሪ ካልተገኘ ባሮ ሽንኩርት ይተካዋል። ካሮት ከደጋ ስለሚመጣ ደርቆ ይደርሳል፤ ተልጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይመለሳል።

የስጋው ምርጫ ላይ ሉካንዳ ቤት ውድ የሚባለው ሁሉ እዚህ አይጠቅምም። ለጥብስ የሚመረጠው ሽንጥ በረጅም እሳት ይደርቃል። ወርች፣ ፍሪንባና የቅልጥም ዙሪያ ስጋ ግን ጅማት አላቸው፤ ጅማቱ በሰዓታት ሙቀት ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቀውም እሱ ነው። በግጦሽ የኖረ የአገራችን በሬ ስቡ ትንሽ፣ ጅማቱ ጠንካራ ስለሆነ ለስጎ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ስጋውን በመፍጫ ከማድቀቅ በቢላ መክተፍ ይሻላል፤ መፍጫው ስጋውን እየጨፈለቀ ውሃውን ያስለቅቀዋል። ክትፎ የሚከትፍ እጅ በባቄላ ፍሬ መጠን ከከተፈው ከሰዓታት በኋላም ጥርስ ላይ ይገኛል።

ስጎ የሚበላሸው በአብዛኛው ስጋው ድስት ውስጥ በገባባቸው የመጀመሪያ አሥር ደቂቃዎች ነው። 1 ኪሎ ስጋ በአንዴ ሲገለበጥ ድስቱ ይቀዘቅዛል፣ ስጋው ውሃውን ይለቅቃል፣ በራሱ ውሃ ተቀቅሎ አመድማ ይሆናል። ቡናማ መልክና የጥብስ ሽታ የሚመጣው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከውሃው መፍላት አይዘልም። ስለዚህ ስጋው በሦስት ዙር ይገባል፣ አይማሰልም፣ ይጠበቃል። ጆሮ ከዓይን ይቀድማል፦ መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ የሚሰማው የፈላ ውሃ ድምፅ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥንና ቸስ ማለት ይጀምራል። ያኔ ነው ማማሰያው የሚገባው። በድስቱ ወለል የተጣበቀው ቡናማ ቅርፊት የስጎው ዋና ጣዕም ነው፤ እንደ አረረ ተቆጥሮ መታጠብ የለበትም። በርበሬ የሌለበት ምግብ ስለሆነ እዚህ የጎደለውን በኋላ የሚሸፍን ነገር የለም።

ቅርፊቱን የሚያላቅቀው ወይን ነው። ጣፋጩ አክሱማዊት ለዚህ አይሆንም፣ ደረቁ ጉደር ይሻላል፤ ወይን በማይገባበት ቤት የቅልጥም መረቅ ይበቃል። ቀጥሎ ሁለት ማንኪያ የቆርቆሮ ቲማቲም ድልህ ስቡ ውስጥ ገብቶ መልኩ ወደ ሸክላ እስኪያደላ ይጠበሳል፤ ሳይጠበስ ከገባ የቆርቆሮ ጣዕሙ አይለቅም። ከዚያ ሦስት የበሰሉ ቲማቲሞች ተልጠው ይጨመራሉ። ወተቱ በትንሽ በትንሹ ነው የሚገባው፣ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ለማለዘብ። ስጋ በወተት መቀቀሉን ሲሰሙ ፊት የሚያኮሳትሩ አሉ፤ ምግቡ ሲቀርብ ግን ወተት መኖሩን ማንም አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእሳት ነው። ከሰል ምድጃ ለስጎ ከኤሌክትሪክ ምድጃ አያንስም፤ ፍሙ ከቀላ በኋላ አመድ ይለብስና ረመጥ ይሆናል፣ የድስቱ ክዳን ገርበብ ይላል። ትኩስ ፍም ሌላ ምድጃ ላይ ተዘጋጅቶ በየሰዓቱ ሁለት ሁለት ይጨመራል። የኔፕልስ ሰዎች ትክክለኛውን መንተክተክ ፒፒያሬ ይሉታል፣ ቃሉ ራሱ ድምፁን የሚመስል፤ ከድስቱ መሐል አንድ አረፋ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላው። አማርኛው ተንተከተከ ያንኑ ድምፅ ይዟል። አረፋው ከበዛ አመድ፣ ከጠፋ ፍም ይጨመራል። ፓዌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አዲስ አበባ በ92 ገደማ። በፓዌ በሦስት ሰዓት የሚበስል ወርች አዲስ አበባ ላይ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈልገው ለዚህ ነው። መረቁ እየተመጠጠ ስለሚሄድ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል፤ ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የገባ ጨው መረቁ ሲመጠጥ ይበዛልና። መብሰሉ የሚታወቀው ስቡ ተለይቶ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ነው፣ ልክ ወጥ ሲያወጣ እንደሚባለው።

ቦሎኛ ላይ ይህ ስጎ ከስፓጌቲ ጋር አይቀርብም፤ በእንቁላል በተቦካ ጠፍጣፋ ፓስታ ነው፣ ለ100 ግራም ፉርኖ ዱቄት 1 እንቁላል። ፓስታው ጥቂት ጠንከር ብሎ ወጥቶ ስጎው ውስጥ ይገላበጣል እንጂ ስጎው ከላይ አይፈስበትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ፓስታ በእንጀራ የሚበላ አለ፣ ጣልያን ሲያይ ይገርመዋል። ስጎው ግን እንጀራ ላይ ያምርበታል፤ የተመጠጠ መረቅ ሥሩን ሳያርስ አይኖቹ ውስጥ ይቀመጣል።

በጾም ቀን ስጋውን አኩሪ አተር ይተካዋል፤ የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚታወቅበት ሰብል ነው። ፍሬው አድሮ ይዘፈዘፋል፣ በደንብ ይቀቀላል፣ ጥሬነቱ ካልጠፋ ሆድ አይቀበለውም፤ ከዚያ ገርደፍ ተደርጎ ይወቀጥና እንደ ስጋው በዘይት ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል። ጅማት ስለሌለው አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

የስጋው ስጎ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግን ድስቱ ውስጥ አያድርም። ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ይቀዘቅዝና በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይገባል። ላዩ ላይ የሚረጋው ቀይ ስብ ስጎው ከመሞቁ በፊት በማንኪያ ይነሳል፤ ለሚቀጥለው ስጎ ሽንኩርት የሚለሰልስበት እሱ ነው።