የሕመምተኛው ቃል በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?



አንዲት የታመሙ አረጋዊት እናታችንን ለመጠየቅ ሆስፒታል ሄጄ ሳለሁ ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። እሳቸውም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። አስተርጓሚ ሆኖ የቆመው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ወደ ዕብራይስጥ መልሶ «ሆዷን ያማታል» አለ። የሆድ መድኃኒት ታዘዘ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሆድ በእኛ ቋንቋ ምግብ ብቻ ሳይሆን ኀዘንም፣ ብቸኝነትም፣ ምስጢርም የሚያድርበት መሆኑን በዚህ ዕድሜው ከየት ይወቀው?

ይህን እያሰብሁ ነው የካናዳዊውን የአእምሮ ሐኪም የሃርቪ ቾቺኖቭን መጽሐፍ ያነበብሁት። በ2012 በእንግሊዝኛ የታተመ ሲሆን ስሙ «ዲግኒቲ ቴራፒ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «የክብር ሕክምና» እንደማለት ነው። ዘዴው ይህ ነው፦ የማይድን ሕመም ካደረበት ሰው አጠገብ የሠለጠነ ባለሙያ ይቀመጥና ስለ ኖረበት ዘመን፣ ስለሚኮራበት ሥራ፣ ለልጆቹ ሊነግራቸው ስለሚፈልገው ቃል ይጠይቀዋል። ንግግሩ በመቅጃ ይቀዳል፣ በጽሑፍ ይገለበጣል፣ ይታረማል። ከዚያም ለሕመምተኛው ይነበብለትና ያልወደደውን ካስወጣ በኋላ ወረቀቱ ለቤተ ሰቡ ይሰጣል።

«የሥነ ልቦና ሕክምና» ሲባል አንዳንድ ወገኖቻችን ሕመሙ የሐሳብ ነው የተባሉ እየመሰላቸው ይቆጣሉ። እንዲህ አይደለም። በ1967 በለንደን የሴንት ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈቱት ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እንዳስተማሩት፣ በጽኑ የታመመ ሰው ሥቃይ የሥጋ፣ የሐሳብ፣ የቤተ ሰብና የነፍስ ሆኖ የተጠላለፈ ነው።

ታዲያ ዘዴው ይሠራል ወይ? በ2005 ቾቺኖቭና ባልደረቦቹ በካናዳና በአውስትራሊያ 100 ሕመምተኞችን አይተው ነበር። ከመቶው 91 እጅ ረክተናል፣ 76 እጅ ክብራችን ከፍ ያለ መሰለን አሉ። ነገር ግን የሚነጻጸር ሌላ ቡድን አልነበረም። በ2011 ሦስት ቡድኖች ተነጻጽረው ሲታዩ፣ ጭንቀትን በሚለኩ መጠይቆች ልዩነት አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ የክብር ሕክምናውን ያገኙት እኛንም ቤተ ሰባችንንም ረድቶናል ማለታቸው ከሌሎቹ በልጧል። ስለዚህ ሞርፊን የሚያስፈልገው ሰው ሞርፊኑን ያግኝ። ወረቀት ቁርጥማት አያስታግሥም።

እኔን ቅር ያለኝ ሌላ ነው። በአገራችን ሰው መሞቱን ሲያውቅ ልጆቹን ሰብስቦ ዕዳውን ይናገራል፣ የተጣላውን ይታረቃል፣ ይመርቃል። ኑዛዜ የምንለው ይህ ነው፤ ለቾቺኖቭም ዘዴ ቅርቡ እሱ ነው። ነገር ግን ኑዛዜ በዘመድና በሽማግሌ ፊት እንጂ በእንግዳ ፊት አይደለም። ቤተ ሰቡ የሕመሙን ክፋት ከሕመምተኛው ደብቆት ከሆነማ፣ መቅጃ ይዞ የመጣው እንግዳ ራሱ መርዶ ነጋሪ ሆኖ ይታያል።

ጥያቄዎቹም እንደ እኛ አይደሉም። አንድ ሽማግሌ «የሚኮሩበት ነገር ምንድን ነው?» ቢባሉ «እኔ ምን ሠራሁ ልጄ፣ ሁሉን ያደረገ እግዚአብሔር ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ራስን ማወደስ ነውር ነዋ! ባለሙያውም መልስ የላቸውም ብሎ ያልፋል። «ከጎንደር እስከ ሱዳን ማንን እየመሩ መጡ?» ቢባሉ ግን ሌሊቱ አይበቃቸውም።

ደግሞስ ወረቀቱ በምን ቋንቋ ይጻፍ? አያት የሚናገሩት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው፤ የልጅ ልጅ የሚያነበው ዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ ብቻ ቢጻፍ ሕመምተኛው የራሳቸውን ቃል ሊያርሙ አይችሉም፤ ዘዴውም ዋና ነገሩን ያጣል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ወረቀቱ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፣ ድምፁም አብሮ ይቀመጥ።

በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ለሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲነገረው ያዛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ሕክምና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለሁሉ ምቹ እንዲሆኑ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ልጁን ግን ከዚህ ሥራ አሳርፉት።

በማግሥቱ አማርኛ የምታውቅ ነርስ መጣችና እኚያን እናት «ሆድዎን ባር ባር ያለው ከመቼ ወዲህ ነው እናቴ?» አለቻቸው። በ1984 ሱዳን የቀበሩትን ልጃቸውን ስም ጠሩ። የልጅ ልጃቸው ያን ስም ሰምቶት አያውቅም ነበር። ነርሷ ልትጽፈው ስትል «እሱን አትጻፊው፣ ለዚህ ልጅ እኔው እነግረዋለሁ» አሏት።