ግሡ ሳይደርስ፦ መናገርና መስማት በራጉኤል ጫጫታ ውስጥ

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ታላቁ አንዋር መስጊድ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ድምፁ ግን ማለቂያ የለውም። ሁለቱ ጎረቤታሞች በየሰዓታቸው በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። የታክሲ ረዳቶች መዳረሻ ይጠራሉ፤ ጣቃ ጨርቅ የተሸከመው «ዞር በሉ!» እያለ ሰው ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የጭነት መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ጣልያን በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ ዝም ብሎ አያውቅም። እንዲህም ሆኖ ሻጭና ገዢ ብዙ ጊዜ ሳይጮኹ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ይግባባሉም። ማብራሪያ የሚሻው ይህ መግባባት ነው። ስለ ንግግርና አእምሮ የምናስተምራቸው ንድፈ ሐሳቦች በአብዛኛው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተወለዱ በመሆናቸው፣ እዚህ ሲደርሱ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣሉ።

ከንድፈ ሐሳቦቹ ጎልቶ የሚጠቀሰው የሆላንዱ ቪለም ሌቬልት እ.ኤ.አ. በ1989 «ስፒኪንግ» በተሰኘው መጽሐፉ ያቀረበው ነው። ተናጋሪው መጀመሪያ የሚለውን ያስባል፤ ቀጥሎ ቃል መርጦ በሰዋስው ያሰናዳዋል፤ ከዚያም ድምፁን አዘጋጅቶ በአፉ ያወጣዋል፤ በመንገዱ ሁሉ ደግሞ ራሱን ያዳምጣል። ዕቅዱ የተጣራ ነው፤ የምላስ ወለምታን በሚገባ ያብራራል። በሴኮንድ ሁለት ሦስት ቃል እያወጣን ይህን ያህል ጥቂት መሳሳታችንም በዚህ ይገባናል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። በዚህ ዕቅድ ውስጥ ተናጋሪው ብቻውን ነው፤ ሰሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የተጠናቀቀ ዕቃ የሚረከብ ይመስላል። የራጉኤል ሰሚ ግን ተረካቢ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ በመሠራት ላይ እያለ ገብቶ አብሮ ይሠራል።

አንድ የተለመደ ድርድር በቅርብ እንይ። ገዢዋ ጨርቁን በጣቷ እያሻሸች «የመጨረሻ ስንት ነው?» ትላለች። ሻጩ ይነግራታል፤ እሷም ትቀንስበታለች። እሱ «በሦስት መቶማ፣ እናቴ...» ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ፣ «እሺ ሃምሳ ልጨምር» ትላለች። «አያዋጣኝም» የሚለው ግሥ አልተነገረም፤ መልሱ ግን ተሰጥቷል።

ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» እንደሚታየው አማርኛ ግሡን መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ማሰሪያው አንቀጽ ባለቤቱን፣ ጊዜውን፣ ለማን እንደሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሺታውን ወይም እምቢታውን ተሸክሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «አልሸጥልሽም» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ እምቢታው፣ ሻጩና ገዢዋ አብረው ታስረዋል። ስለዚህ የአማርኛ ሰሚ ሌላው ሰው እስኪጨርስ መታገሥ ግድ ይለዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ግምቱ ግን ከመረጃው ጋር አይሄድም። ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 በዐሥር ቋንቋዎች ለአዎንና አይደለም ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለክተው፣ በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሴኮንድ አግኝተዋል። አንድን ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ብቻ 600 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ እንደሚፈጅ ከሌሎች ጥናቶች እናውቃለን። ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ መልስ ሰጪው ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ማሰናዳት መጀመሩን አይጠራጠርም። ከዐሥሩ ቋንቋዎች ፈጣኑ ደግሞ ጃፓንኛ ሆኖ ተገኘ፤ አማካይ ክፍተቱ 7 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያደርጋል። አማርኛ ከዐሥሩ አንዱ አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ከጃፓንኛ ብዙም ይርቃል ብዬ አላስብም።

ግሡ ዘግይቶ ሰሚው እንዴት ይቀድማል? መልሱ ያለው ከግሡ በፊት በሚመጡት ትንንሽ ነገሮች ላይ ይመስለኛል። በሻጩ «ሦስት መቶማ» ላይ የተቀጠለችው «ማ» ብቻዋን እምቢታ አይደለችም፤ «እሱማ መጥቷል» እንላለን። ከዝቅተኛ ዋጋ ጀርባ፣ ከወረደ ድምፅ ጋር ስትመጣ ግን የሚከተለው ግሥ ምን እንደሆነ ለገዢዋ ግልጽ ነው። ቦዝ አንቀጹም የበኩሉን ያግዛል። «ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ጠቅልዬ...» ሲል የሥራው ባለቤት በእያንዳንዱ ቃል ላይ ታትሟል፤ የጎደለው ጊዜው ብቻ ነው፤ እሱን ማሰሪያው ያመጣዋል። ሰሚው በአንድ እጁ የተረጋገጠውን፣ በሌላው የሚጠበቀውን ይዞ ይሄዳል። ግሥ በሚያስቀድሙ ቋንቋዎች ላይ የተሠሩ የመረዳት ሞዴሎች ይህን ሚዛን በቅጡ አላዩትም።

ማጥበቅና ማላላት ሌላው ፈተና ነው። ፊደላችን አይጽፈውም፤ ጆሮ ግን ያለእሱ መንገድ ይስታል። «ይሸጣል» ሸ ሲላላ ሻጭ አለ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ዕቃው ለሽያጭ ቀርቧል። ጨርቅ ተራ ላይ «ሰፊ አለ?» ያለ ሰው፣ ፈን ካጠበቃት ወርዱ ሰፋ ያለ ጨርቅ፣ ካላላት ደግሞ ልብስ ሰፊ እየፈለገ ነው። በዚህ ላይ የድምፅ ጠባይ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። እንደ ት ያለ ተነባቢ ሲጠብቅ የሚረዝመው አየሩ የሚታገድበት ቅጽበት ነው፤ ማለትም ዝምታው። «ዕቃው ከተበላሸ ይተካል» ሲባል፣ ተ ከጠበቀ ዕቃው መተካቱ ተነገረ፤ ከላላ ደግሞ የሚተካው ሰው አለ። ኃላፊነቱን ለማንም ላለመስጠት ለሚፈልግ ነጋዴ የመጀመሪያው አነጋገር ይመቻል። ጥሩምባ የሚሞላው ደግሞ ይህንኑ ዝምታ ነው። ስለዚህ ጫጫታ ውስጥ ከሚጠፉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ጠብቆ የመነገሩ ምልክት መሆን ነበረበት።

ቢጠፋም አንጎድልም። ሪቻርድ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቀዳ ዓረፍተ ነገር አንድ ድምፅ ቆርጦ በምትኩ ሳል ሲያስገባ፣ አድማጮቹ የጠፋውን ድምፅ ሰማን አሉ፤ ሳሉ የት ላይ እንደነበር እንኳ በትክክል ማመልከት አቃታቸው። አእምሮ ከዐውዱ ተነሥቶ ክፍተቱን ይሞላል፤ የሞላውንም እንደሰማ ይቆጥረዋል። በአማርኛ ይህ ሙሌት የድምፁን ርዝመትም እንደሚጨምር አምናለሁ፤ ካልጨመረ የራጉኤል ገበያ በየደቂቃው በተዘበራረቀ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ስለ አማርኛ አሻሚነት ሲጽፉ ቀልባቸው ሁልጊዜ ሰምና ወርቅ ላይ ነው፤ ታስቦበት በተሠራው አሻሚነት ላይ። ሳይታሰብ በየዓረፍተ ነገሩ የሚፈጠረውና አእምሮ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚፈታው አሻሚነት ግን ያን ያህል አልተጻፈበትም። እኔን የበለጠ የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ነው።

ወደ ተናጋሪው እንመለስ። በሴማዊ ቋንቋዎች የቃል ሥር የሚሆኑት ተነባቢዎች እንዳሻቸው አይቀናጁም። ጆሴፍ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1950 በዋናነት በዐረብኛ እንዳሳየው፣ ከአንድ የአፍ ቦታ የሚወጡ ተነባቢዎች በአንድ ሥር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ አይወዱም። ይህ የመዝገበ ቃላት ሒሳብ ብቻ ነው ወይስ በተናጋሪው አእምሮ የሚሠራ ሕግ? ሻሮን ሮዝና ሊሳ ኪንግ ጥያቄውን ወደ አማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ቸሃ አመጡት፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ተናጋሪዎች ምላስ የሚያስሩ ቅደም ተከተሎችን እንዲናገሩ ተደርጎ ስሕተታቸው ተቆጠረ። ሕጉን የሚጥሱ ጥምረቶች፣ ተመሳሳይ ብቻ ከሆኑት ወይም እምብዛም ከማይገጥሙት ይልቅ ብዙ ስሕተት አስከተሉ፤ ይህንና ሌላ ሕግ አብረው የጣሱት ደግሞ ከሁሉ በለጡ። ሕጉ በምላስ ላይ ይሠራል ማለት ነው። ስለ አማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ካነበብኋቸው ሥራዎች ከዚህ የበለጠ ያሳመነኝ የለም።

ገደቡም ግን እዚያው አለ። በሙከራ የሚነገር የምላስ ማሰሪያ ለማንም የሚባል ነገር አይደለም፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት የለም። በድርድር ላይ የሚሳሳት ነጋዴ ግን ስሕተቱን የሚያርመው እሱ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ገዢዋም ታርምለታለች፤ አንዳንዴም ሳታስታውቀው ታልፈዋለች።

የቸሃ መነሣት ለራጉኤል እንግዳ አይደለም። የመርካቶን ንግድ ካቆሙት መካከል የጉራጌ ነጋዴዎች ቀዳሚዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በቤት ሌላ፣ በሱቅ ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። ሮበርት ኩፐርና ሱዛን ካርፔንተር የኢትዮጵያን ገበያዎች አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 «ላንጉጅ ኢን ኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገበያ ቋንቋ ጽፈዋል። ከጥናታቸው የሚወጣው ሥዕል፣ ሁሉን የሚያገበያይ አንድ ቋንቋ የነገሠበት ሳይሆን ሰዎች በብዙ ቋንቋ የሚደራረሱበት ገበያ ነው። ያ ጥናት የትኛው ቋንቋ እንደተነገረ ይቆጥራል፤ በተናጋሪው ራስ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ምን ሲሠሩ እንደነበር ግን ጥያቄው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሊፈተን የሚችል ነገር አለ። ቸሃ በሥሩ ውስጥ ያሉ እግድ ድምፆች በአብዛኛው በጉሮሮ ጠባይ እንዲስማሙ ይሻል፤ ፈንጂ (እንደ ቅና ጥ ያለው) ከፈንጂ፣ ነዛሪ (እንደ ድና ግ ያለው) ከነዛሪ። አማርኛ ይህን አይጠይቅም፤ «ቀደደ» እና «ጠገነ» ፈንጂንና ነዛሪን ያለ ችግር ያጎራብታሉ፤ ሁለቱም ጨርቅ ተራ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚነገሩ ናቸው። በቸሃ አፉን የፈታ ነጋዴ አማርኛ ሲናገር በእነዚህ ቃላት ላይ በአማርኛ አፉን ከፈታው ይልቅ ይደናቀፋል? ከተደናቀፈ፣ የመጀመሪያው ቋንቋ ሕግ በሁለተኛውም ላይ እያዘዘ ነው ማለት ነው። ካልተደናቀፈ፣ አእምሮ ለየቋንቋው የተለየ ሕግ ይይዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ልብስ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ማይክሮፎን፣ የነጋዴውና የደንበኛው ፈቃድ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ጸሐፊ ነው፤ ቅጂው ደግሞ ጥሩምባውን ሳያጣራ ይቅር፤ ገዢዋ ያን ጊዜ የሰማችው እሱን ጨምሮ ነውና።