ጎጆው ሥር ያሉት ወታደሮች

መጀመሪያ ፎቶውን ሳየው ላንጋኖ ያለ ሎጅ መስሎኝ ነበር። ሾጣጣ የጎጆ ጣሪያ፣ አጠገቡ ውኃ። ቦታው ግን ደቡብ ኮሪያ ነው፤ ቹንቾን፣ ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች የሐይቅ ከተማ። ሕንፃው በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ነው።

ውለታ ያልረሳን ሰው መተቸት ይከብዳል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። በተለያዩ ዙሮች ከ6,000 በላይ ወታደሮች ሄዱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ቹንቾን ይህን ይዛ ቆይታለች። በ1960 ዓ.ም. የተሠራውን ሐውልት የመረቁት ራሳቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ እዚያው አካባቢ የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤትም ዛሬ ድረስ አለ።

ጣሪያው ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል። እነዚህ ሰዎች የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ለጊዜው ዘመናዊ የሚባል ሥልጠና የወሰዱ፣ ብረት ቆብ አድርገው በበረዶ ምሽግ የተዋጉ። ታዲያ ለምን ጎጆ? ውስጡም እንደዚያው ነው፤ ታች ዘመቻው፣ ፎቁ ላይ ባህላዊ ዕቃ። ወታደሩን ልታስታውስ ገብተህ ሀገር ጎብኝተህ ትወጣለህ። ምስጋናው ለሰውዬው ሳይሆን ለ«ኢትዮጵያ» ነው።

ስለ ቃኘው ሲወራ ደግሞ «አንድም ሰው አልተማረከም» የምትለው ነገር አትቀርም። እኛም እንወዳታለን፤ ፌስቡክ ላይ በየዓመቱ ትዞራለች። ኩራት ናት፣ አልክድም። ችግሯ ታሪኩን እዚያው ተራራ ላይ ትጨርሰዋለች። ያልተማረከው ሰው ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከዚያስ?

ከዚያማ ደርግ መጣ። ከኮሚኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ኮሚኒስት ነኝ በሚል መንግሥት ሥር መኖር ነበረበት። ሜዳሊያ ወደ ሣጥን ገባ። በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ትልቁ የ«ትግላችን» ሐውልት ሲመረቅ፣ በሥራው የተባበረችው ሰሜን ኮሪያ ነበረች። እስቲ አስቡት፤ አንድ የቃኘው ዘማች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመታከም ሲሄድ፣ የተዋጋት ሀገር ያቆመችውን ሐውልት አሻቅቦ እያየ ያልፋል። ሐውልቱ የሚያከብረውም ወታደር ነው፤ የሌላ ጦርነት፣ የሌላ መንግሥት ወታደር። የኔ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። መታሰቢያ የሚመርጠው ለመንግሥቱ የሚመቸውን ወታደር ነው። የቹንቾኑ ጎጆ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰዎቹን አላባረረም። ግን እሱም የሚያውቃቸው ደቡብ ኮሪያን ሲያድኑ ብቻ ነው።

ቹንቾንን ስወቅስ የራሴም ጉድ ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘማቾቹ የሰፈሩበት «ኮሪያ ሰፈር» አለ። ስንት ጊዜ ታክሲ ውስጥ «ኮሪያ ሰፈር ወራጅ አለ!» ብያለሁ። አንድም ቀን ግን ለምን ኮሪያ ተባለ ብዬ አልጠየቅኩም። ጣሪያም ሐውልትም የማያስፈልገው መታሰቢያ እኮ አፌ ላይ ነበር። የቀረው፣ ወርጄ አንድ በር ማንኳኳት ነበር፤ ዘማቾቹ አንድ በአንድ ሳያልቁ።